ሌላ ባለሙያ በራሳችሁ ኤልኤልሲ በኩል ለደንበኛ ለማቅረብ፦ ከስልክ ጥሪው እስከ ታክስ ወረቀቱ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ስብሰባው አልቆ ሌሎቹ ሲወጡ የቡድኑ ኃላፊ ቀረት አለና "እንዳንተ ዓይነት ሌላ ሰው አታውቅም? ቶሎ የሚጀምር" አለኝ። ቨርጂኒያ የተመዘገበች አንዲት ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) አለችኝ፤ ባለቤቷም ሠራተኛዋም እኔው ነኝ። በእሷ ስም የዳታቤዝ ሥራ እሠራለሁ፣ በወር አንዴ ኢንቮይስ እልካለሁ፣ በቃ። (አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ ኮንትራክተር ነኝ ስላቸው ሕንፃ የማቆም ይመስላቸዋል።) ሰው አውቃለሁ። የልጁን ስልክ ቁጥር ልስጥ ወይስ በድርጅቴ በኩል ላቅርበው የሚለውን ግን ያን ቀን በደንብ አላሰብኩበትም።

ስልክ ቁጥር መስጠት ውለታ ነው፤ በዚያው ያልቃል። በድርጅት በኩል ማቅረብን ደግሞ ብዙ ሰው እንደ ድለላ ያየዋል፦ አገናኛለሁ፣ በሰዓት አሥር ዶላር አገኛለሁ። ደላላ ኮሚሽኑን ተቀብሎ ይሄዳል፤ በኋላ ጣሪያው ቢያፈስ እሱን የሚጠራ የለም። እናንተ ግን ከሁለቱም ጋር ፈርማችሁ መሃል ላይ ትቀመጣላችሁ። ደንበኛው ካልከፈለ ባለሙያው የሚይዘው የእናንተን እጅ ነው፤ ባለሙያው ካጠፋ ደንበኛው የሚከሰው እናንተን ነው። ከታች ያለውን ቅደም ተከተል ሁለት ጊዜ በራሴ ኪስ ተሳስቼ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በዕድሜ የሚበልጠኝ ሰው አርሞኝ የተማርኩት ነው። የምጽፈው ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በአይቲ ሥራ ላይ ላለን ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁ የስቴቱን ሕግ ለይታችሁ እዩ፤ የፌዴራሉ ለሁላችንም አንድ ነው።

አንደኛ፦ ስም ከመጥራታችሁ በፊት የራሳችሁን ኮንትራት አንብቡ

ከደንበኛው ጋር የፈረማችሁትን አውጡ። አብዛኞቻችን ሬቱን፣ ማለትም የሰዓት ክፍያውን፣ እና የሚጀመርበትን ቀን አይተን ስለምንፈርም መሃሉ ምን እንደሚል አናውቅም። መጀመሪያ የሚፈለገው ሥራውን ለሌላ ሰው ስለማስተላለፍ የሚናገረው አንቀጽ ነው። ብዙ ጊዜ ያለ ደንበኛው የጽሑፍ ፈቃድ አይቻልም ይላል። እንዲህ ከሆነ ኃላፊው ኮሪደር ላይ "አምጣው" ማለቱ ፈቃድ አይሆንም። ቢያንስ በኢሜይል "በዚህ ድርጅት በኩል፣ ለዚህ ሥራ፣ አንድ ተጨማሪ ባለሙያ እንድታቀርብ ተስማምተናል" የሚል መልስ ያዙ።

ቀጥሎ ኮንትራታችሁ ከማን ጋር እንደሆነ እዩ። ደንበኛው ቢሮ ተቀምጣችሁ እየሠራችሁ ወረቀቱን የፈረማችሁት ግን መሃል ካለ ቬንደር (ባለሙያ አቅራቢ ድርጅት) ጋር ከሆነ፣ ሰው በቀጥታ ለደንበኛው ማቅረብ አብዛኛውን ጊዜ ውል ማፍረስ ነው። ቬንደሩን ማለፍ ያጓጓል፤ የእሱም ድርሻ ለእናንተ ይቀራልና። አታድርጉት። የዲሲ አካባቢ የአይቲ ገበያ ሲታይ ትልቅ ይመስላል እንጂ ሰዉ ሁሉ ይተዋወቃል። ለቬንደሩ ንገሩትና በእሱ ሥር ሌላ የሥራ ትእዛዝ ይጻፍላችሁ።

ሥራው የፌዴራል መንግሥት ከሆነ ነገሩ ይጠብቃል። ባለሙያው የደኅንነት ማጣሪያ ሊጠየቅ ይችላል፤ ዋናው ተቋራጭ ከሥሩ ስንት ድርጅት እንዲደራረብ እንደሚፈቅድም አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ለትናንሽ ድርጅቶች ብቻ በተተወ የአገልግሎት ኮንትራት እናንተ ዋና ተቋራጭ ከሆናችሁ ደግሞ፣ መንግሥት ከሚከፍላችሁ ከ50 በመቶ በላዩን የእናንተ ዓይነት ደረጃ ለሌላቸው ድርጅቶች ማሳለፍ አይፈቀድም።

ሁለተኛ፦ ባለሙያው በምን መንገድ ይገባል?

ትልቁ ውሳኔ ይሄ ነው፤ ብዙዎቻችን ደግሞ በአምስት ደቂቃ የምናልፈው እዚህ ላይ ነው። ሦስት መንገድ አለ። የራሱ ድርጅት ካለው ድርጅት ለድርጅት፣ በተለምዶ ሲ ቱ ሲ የምንለው። በግሉ ከሆነ በ1099፣ ማለትም ታክስ ሳይቀነስለት እንደ ኮንትራክተር (ስሙ ከታክስ ቅጹ የመጣ ነው)። ሠራተኛችሁ አድርጋችሁ ከቀጠራችሁት በደብልዩ-2 (ይሄም የሠራተኛ የደመወዝና የታክስ ቅጽ ስም ነው)።

ከሁሉ በፊት የሥራ ፈቃዱን ጠይቁ። አሜሪካ ውስጥ ለመሥራት ፈቃድ እንዳለው መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ከየት አገር እንደመጣና በምን እንደገባ ግን አትጠይቁ። ኤች-1ቢ (አሠሪ ስፖንሰር የሚያደርገው የባለሙያ የሥራ ቪዛ) ላይ ያለ ሰው የሚሠራው ስፖንሰር ላደረገው አሠሪ ስለሆነ ማታ ማታ ለእናንተ በ1099 ልሥራ ቢላችሁ መልሱ አይሆንም ነው፤ የሚጎዳው ከእናንተ በላይ እሱ ነው። ስቴም ኦፒቲ (የሳይንስና የቴክኖሎጂ ተመራቂ የውጭ ተማሪዎች የሥራ ፈቃድ) ላይ ያለ ተመራቂም ኢ-ቬሪፋይ (የመንግሥት የሥራ ፈቃድ ማረጋገጫ ሲስተም) ውስጥ የተመዘገበ አሠሪና የሥልጠና ዕቅድ ያስፈልገዋል፤ በ1099 አይሆንለትም። ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ያለው፣ እንዲሁም ለአንድ አሠሪ ያልታሰረ የሥራ ፈቃድ ካርድ የያዘ ሰው በሦስቱም መንገድ ሊገባ ይችላል። በደብልዩ-2 ከሆነ ሥራ በጀመረ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ አይ-9 (የሥራ ፈቃድ ማረጋገጫ ቅጽ) ትሞላላችሁ። ከተፈቀዱት ሰነዶች መካከል የትኛውን እንደሚያሳይ የሚመርጠው ራሱ ነው እንጂ "ግሪን ካርድህን አምጣ" አይባልም።

አሁን ወደ 1099። በኛ ሠፈር "በ1099 እንሥራው" የሚባለው ስለሚቀል ነው፦ ታክስ አትቀንስለትም፣ ፔይሮል (የደመወዝ ሒሳብ ሥራ) የለም፣ ቼክ ጽፈህ ታልፋለህ። ነገር ግን ኮንትራክተር መሆኑን ስምምነታችሁ ብቻውን አይወስንም። አይአርኤስ (የፌዴራሉ ታክስ ሰብሳቢ) የሚያየው ሥራው እንዴት እንደሚሠራ የሚያዘው ማን ነው፣ የትርፍና የኪሳራው ጉዳይ የማን ነው፣ ግንኙነታችሁስ ምን ይመስላል የሚለውን ነው። ሰውየው በሳምንት 40 ሰዓት በደንበኛው ላፕቶፕ፣ በደንበኛው ኃላፊ ትእዛዝ እየሠራ፣ ሌላ ደንበኛ ሳይኖረው "ኮንትራክተር ነው" ማለት አስቸጋሪ ነው።

የእኛ ሙያ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። አይአርኤስ ሠራተኛን ኮንትራክተር ብላችሁ ይዛችኋል ሲል ብዙ አሠሪዎች የሚጠለሉበት የ1978ቱ ሕግ ክፍል 530 አለ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፤ በዘርፉ የተለመደ አሠራር መሆኑን በማሳየት ሊያመልጡ ይችላሉ። የ1986ቱ የታክስ ማሻሻያ ክፍል 1706 ግን ኢንጂነሮችን፣ ንድፍ ሠሪዎችን፣ ፕሮግራመሮችን፣ ሲስተም አናሊስቶችንና መሰሎቻቸውን፣ በመካከለኛ ድርጅት በኩል ለደንበኛ ሲቀርቡ፣ ከዚያ ጥላ ሥር አስወጥቷቸዋል። መካከለኛው ድርጅት ማለት እናንተ ናችሁ። "ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚሠራው" የሚለው መከራከሪያ ለፀጉር አስተካካይ ሊያገለግል ይችላል፤ ፕሮግራመር ለሚያቀርብ ግን አያገለግልም። ቨርጂኒያም በበኩሏ ከጁላይ 2020 ጀምሮ ክፍያ የሚያገኝን ሰው ሠራተኛ ነው ብላ ትነሳለች፤ አይደለም የሚለው ነው ማስረዳት ያለበት። በስህተት ለተመደበ አንድ ሰው የመጀመሪያው ቅጣት እስከ 1,000 ዶላር ይደርሳል፤ ያልተከፈለው ታክስ ሳይቆጠር።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ እንዲህ ነው። ሰውየው በእውነት ድርጅት ያለው፣ ሌሎች ደንበኞች ያሉት፣ የራሱን ኢንሹራንስ የሚከፍል ከሆነ ሲ ቱ ሲ። ሙሉ ሳምንቱን ለዚህ አንድ ደንበኛ የሚሠራና በሌላ ነገር የሌለበት ከሆነ ደብልዩ-2፤ የፔይሮል አገልግሎት ድርጅቶች የአንድ ሰውም ቢሆን ይሠራሉ። ትናንት ማታ ለዚህ ሥራ ብሎ ኤልኤልሲ የከፈተን ሰው ድርጅት ነው ብሎ መያዝ በእኔ አስተያየት 1099ን ኮት ማልበስ ነው።

ሦስተኛ፦ ሒሳቡን በወረቀት ሥሩ

ደንበኛው በሰዓት 75 ዶላር ይከፍላል እንበል፣ ለባለሙያው 65 ትከፍላላችሁ። በወር 160 ሰዓት ቢሆን የእናንተ 1,600 ዶላር ነው። ከዚያ ላይ የኢንሹራንስ ጭማሪ፣ የአካውንታንት፣ የእናንተ የገቢ ታክስ ይወጣል። በደብልዩ-2 ከሆነ የአሠሪው ድርሻ የሆነው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር 7.65 በመቶ የእናንተ ነው፤ በ65 ዶላር ላይ ወደ 5 ዶላር ይጠጋል፣ ማለትም የትርፉ ግማሽ። የፌዴራልና የስቴት የሥራ አጥ ታክስም ይጨመራል። ስለዚህ በደብልዩ-2 የሚቀርብ ሬት ከሲ ቱ ሲ ዝቅ ይላል። ይህንን ለሰውየው በግልጽ አስረዱት፤ አለበለዚያ "ለእገሌ 65 ከፍለህ ለእኔ 58" ይላችኋል።

አሁን እኔን ያቃጠለኝ ክፍል። የደንበኛዬ ክፍያ ኔት 45 ነው፦ ኢንቮይሱ በደረሰው በ45 ቀን ውስጥ። ለልጁ ግን፣ የቤት ኪራይ አለበት ብዬ፣ በየሁለት ሳምንቱ ልከፍለው ተስማማሁ። ሴፕቴምበር 1 ጀመረ። የወሩን ኢንቮይስ ሴፕቴምበር 30 ላክሁ፤ በደንቡ ቢከፈል ገንዘቡ የሚገባው ኖቬምበር 14 ነው። እስከዚያ ድረስ አምስት ጊዜ 5,200 ዶላር፣ በድምሩ 26,000 ከኪሴ ይወጣል። ይህንን አስቤ ነበር፣ ቁጠባዬም ይችለው ነበር። ደንበኛው የሒሳብ ሶፍትዌር እየቀየርኩ ነው ብሎ በ71ኛው ቀን ከፈለ። በዚያ ቀን ለልጁ የከፈልኩት 36,400 ደርሶ ነበር። ያዳነኝ እቁብ ነው። ዳኛው ጋ ደውዬ፣ አንዲት እህት ተራዋን ለቀቀችልኝና የ20 ሺህ ዕጣዬን ቀድሜ ወሰድኩ። እቁብ የሌለው ሰው ክሬዲት ካርዱን ነው የሚያወጣው፤ ከዚያ በኋላ በሰዓት አሥር ዶላር የምትሉት ወለድ ሆኖ ይሄዳል።

ሕጌ ከዚያ ወዲህ ቀላል ነው። ደንበኛው በሚዘገይባቸው ቀናት ሁሉ ለባለሙያው ለመክፈል የሚበቃ ገንዘብ ከሌለኝ በየሁለት ሳምንቱ ብዬ ቃል አልገባም። በሲ ቱ ሲ "ከደንበኛው ገንዘቡ በገባ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ" ተብሎ መስማማት ይቻላል። በደብልዩ-2 ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ደንበኛው ከፈለም አልከፈለም ደመወዝ በቀኑ ይከፈላል።

የምትወስዱትን ልዩነትስ ለባለሙያው ትነግሩታላችሁ? ግዴታ የለባችሁም። እኔ እነግራለሁ። ከደንበኛው ቡድን ጋር አብሮ ምሳ የሚበላ ሰው ሬቱን አንድ ቀን መስማቱ አይቀርም፤ ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማው አሥሩ ዶላር ሃያ ሆኖ ነው የሚደርሰው። ለምን እንደምወስድ፣ ኢንሹራንሱን፣ የ45 ቀኑን ጥበቃ፣ አለመከፈልን የምሸከመው እኔ መሆኔን በወረቀት ላይ ጽፌ አሳያለሁ። አንዱ አይቶት "አሥር ያንስሃል" ብሎኛል። አልጨመረልኝም እንጂ።

አራተኛ፦ ሁለቱ ውሎች አንድ ቋንቋ ይናገሩ

ከደንበኛው ጋር ያለው ውልና ከባለሙያው ጋር ያለው ውል እንደ ጋቢ ሁለት ፊት መጋጠም አለባቸው። ለደንበኛው የገባችሁትን ቃል ሁሉ ከባለሙያው መልሳችሁ መቀበል አለባችሁ፤ ክፍተት ባለበት ቦታ የምትቆሙት እናንተ ናችሁ።

በሁለተኛው ጊዜ ያቀረብኩት ሰው አባቴን የሚያውቅ፣ ጋሼ የምለው ሰው ነበር። ሠላሳ ዓመት ሲስተም ላይ ሠርቷል፣ የራሱ ድርጅትና ሌሎች ሁለት ደንበኞች አሉት። ውሉን ቤቱ ይዤ ስሄድ ላብ አስጠመቀኝ፤ ለታላቅ ሰው ወረቀት ዘርግቶ "እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ" ማለት እንዴት እንደሚከብድ ታውቁታላችሁ። ቡናው እስኪፈላ ጠበቅሁና አወጣሁት።

"ልጄ፣ እኔና አንተ መሃል ወረቀት?" አለ።

"ወረቀቱ ለእኛ አይደለም ጋሼ፤ ነገር ሲመጣ እኛን ለማያውቀን ሰው ነው" አልኩት።

መነጽሩን አደረገና ማንበብ ጀመረ። ሁሉንም አነበበው፤ ሁለተኛው ቡና አለፈ። ከዚያ በእስኪርብቶው ጫፍ አንድ መስመር ነካ አደረገ። "ለደንበኛው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ትሰጣለህ ብለሃል። እኔ ግን በ14 ቀን መውጣት እችላለሁ ይላል። እኔ በ14ኛው ቀን ብሄድ የቀሩትን 16 ቀናት ማነው የሚቀመጥላቸው? አንተ?" ዝም አልኩ። 14ቱን ሰርዞ 30 ጻፈና ፈረመ። ውሉን ያዘጋጀልኝ ሰው ያላየውን ያየልኝ ሊፈርም የተቀመጠው ሰው ነው።

ውሉን ስታዘጋጁ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና እነዚህን አነጻጽሩ፦

ክፍያ። ገንዘብ የሚከፈለው ደንበኛው ታይምሺቱን (የተሠራበትን ሰዓት መዝገብ) ካጸደቀ በኋላ መሆኑን ጻፉ። "ደንበኛው ሲከፍል" እና "ደንበኛው ከከፈለ" የሚሉት ሐረጎች በእንግሊዝኛው የአንድ ቃል ልዩነት ቢኖራቸውም፣ የመጀመሪያው ጊዜውን ብቻ ነው የሚያዘገየው፤ ሁለተኛው ግን የአለመከፈሉን አደጋ በባለሙያው ላይ ይጥላል። የትኛውን እየፈረመ እንደሆነ ንገሩት። እኔ የመጀመሪያውን እጠቀማለሁ፣ ከላይ ደግሞ የመጨረሻ ቀን አስቀምጣለሁ፦ ደንበኛው ባይከፍልም በ75 ቀን ውስጥ እከፍላለሁ።

የሥራው ባለቤትነት። ይሄ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሠራተኛ በሥራው ላይ የጻፈው ኮድ የአሠሪው ነው። ኮንትራክተር የጻፈው ኮድ ግን በፊርማ እስኪያስተላልፈው ድረስ የራሱ ነው። ለደንበኛው "የተሠራው ሁሉ የናንተ ነው" ብላችሁ ከፈረማችሁና ከባለሙያው ማስተላለፊያ ካልተቀበላችሁ፣ የሌላችሁን ነገር ሰጥታችኋል ማለት ነው።

ደንበኛው ሰውየውን ለመቅጠር ቢፈልግ። ጥሩ ሰው ከሆነ ይፈልጋል፤ ሊያሳዝናችሁም አይገባም። ከደንበኛው ጋር ባለው ውል ላይ አስቀድማችሁ ጻፉት፦ ከስድስት ወር በፊት ከሆነ ይህን ያህል ክፍያ፣ ከዚያ በኋላ በነጻ። ሰውየውን "ፈጽሞ አትቀጠርም" ብሎ ማሰር ግን መጥፎ ነገር ነው፤ እኔ አልጽፈውም።

ሚስጥር መጠበቅ፣ የጉዳት ካሳና የኃላፊነት ጣሪያ በአብዛኛው የደንበኛውን ቃል ገልብጦ ወደ ባለሙያው ማሳለፍ ነው። ጠበቃ አንዴ አሳይታችሁ ሞዴሉን ያዙ፤ ለሚቀጥለውም ያገለግላል።

አምስተኛ፦ ኢንሹራንስ

ደንበኛው የኢንሹራንስ ሰርተፊኬት ይጠይቃል። የተለመደው ለአንድ አደጋ 1 ሚሊዮን፣ በድምሩ 2 ሚሊዮን ዶላር አጠቃላይ ተጠያቂነት፣ ከዚያ የሙያ ስህተት መድን፣ አንዳንዴም የሠራተኛ ጉዳት ካሳ ነው። የሙያ ስህተቱ መድን በእናንተ በኩል የሚሠሩ ኮንትራክተሮችን ይሸፍን እንደሆነ ወኪላችሁን በጽሑፍ ጠይቁ፤ የእኔ አይሸፍንም ነበር፣ አስጨመርኩት።

ሁለተኛው ስህተቴ እዚህ ነው። ከባለሙያው ሰርተፊኬት አልተቀበልኩም፤ ልጁ ኢንሹራንስ አልነበረውም። በዓመቱ መጨረሻ የሠራተኛ ጉዳት ካሳ መድን ሰጪው ኦዲተር ባንክ ስቴትመንቴን ጠየቀና "ይሄ ማነው?" አለ። ኢንሹራንስ ለሌለው ኮንትራክተር የተከፈለ ገንዘብ እንደ ደመወዝ ተቆጥሮ ፕሪሚየም ይሰላበታል። ሒሳቡ መጣ፣ ከፈልኩ። አሁን ሰርተፊኬቱ ኢሜይሌ ውስጥ ሳይገባ የሚጀምር ሰው የለም፤ የሚያበቃበትንም ቀን ካላንደር ላይ አስገባለሁ።

ስድስተኛ፦ ማቅረብና ማስጀመር

ሬዙሜውን ለደንበኛው ከመላካችሁ በፊት፣ ለዚህ ሥራ በእናንተ በኩል ብቻ እንዲቀርብ የፈቀደበትን አጭር ኢሜይል ከባለሙያው ተቀበሉ። በሁለት ድርጅት ተደርቦ የቀረበ ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ይጣላል። ሬዙሜው ላይ ዓመት መጨመር፣ ያልሠሩትን ፕሮጀክት ማስገባት በኛ ሠፈር እንደ ቅመም እየታየ መጥቷል። በራሱ ስም የሚያደርገው የራሱ ጉዳይ ነው፤ በእናንተ ድርጅት ስም ሲሄድ ግን ማታለሉ የእናንተ ነው። ሁለቱን የቀድሞ ኃላፊዎቹን ራሳችሁ ደውላችሁ አነጋግሩ። ከዚያ የጀርባ ማጣሪያ፣ ላፕቶፕ፣ የመግቢያ ካርድ፤ ይህ የደንበኛው ነው፣ ይፈጥናልም ይዘገያልም።

ከመጀመሪያው ቼክ በፊት ደብልዩ-9 (ስምና የታክስ ቁጥር የሚሰጥበት ቅጽ) አስሞሉ። አንድ ባለቤት ብቻ ያለውና እንደ ኮርፖሬሽን ታክስ ለመክፈል ያልመረጠ ኤልኤልሲ ከሆነ፣ መጀመሪያው መስመር ላይ የሚጻፈው የባለቤቱ ስም ነው፤ የድርጅቱ ስም ሁለተኛው መስመር ላይ ይገባል፣ ቁጥሩም የባለቤቱ እንጂ የኤልኤልሲዋ አይደለም። ከሦስት ሰው ሁለቱ ገልብጠው ነው የሚያመጡልኝ። ቁጥሩን አልሰጥም ካለ ከሚከፈለው ላይ 24 በመቶ ቀንሳችሁ ለአይአርኤስ ማስገባት አለባችሁ፤ ይህን ስትነግሩት ቁጥሩ በዚያው ቀን ይገኛል።

ሰባተኛ፦ በየወሩ

ታይምሺቱን የሚያጸድቀው የደንበኛው ኃላፊ ነው። በስልክ "ቅዳሜም ሥራ ብሎኛል" የሚል ሰዓት በኢሜይል ካልተረጋገጠ አላስገባውም። የጸደቀው ታይምሺት ከኢንቮይሱ ጋር አብሮ ይላካል። የባለሙያውን ገንዘብ ለብቻው በሌላ የባንክ ሒሳብ አስቀምጡት፤ ከደንበኛው 12,000 ሲገባ 10,400ው የእናንተ አይደለም፣ ዓይናችሁም ባያየው ይሻላል።

ደንበኛው ሜሪላንድ ከሆነ ከጁላይ 1፣ 2025 ጀምሮ በዳታና በአይቲ አገልግሎቶች ላይ የ3 በመቶ የሽያጭ ታክስ ተጥሏል። ቨርጂኒያ ሆናችሁ ለሜሪላንድ ደንበኞች በዓመት ከ100,000 ዶላር በላይ ከሸጣችሁም ይመለከታችኋል፤ አንድ ሙሉ ሰው ማቅረብ ደግሞ ያንን ቁጥር በቀላሉ ያሳልፋል። ኢንቮይሱ ላይ መጨመር ያለበት መሆኑን ሬት ከመስማማታችሁ በፊት ከአካውንታንታችሁ ጋር ጨርሱት፤ ካለፈ በኋላ ደንበኛው 3 በመቶ ጨምርልኝ ቢባል አይሰማም።

በየሁለት ሳምንቱ ለሁለቱም ደውሉ። ባለሙያው ሊለቅ ሲያስብ ከወር በፊት በድምፁ ይታወቃል። ደንበኛውም ባጀት ሊቆርጥ ሲል ስብሰባ ላይ መጥራት ይቀንሳል።

ስምንተኛ፦ የዓመቱ መዝጊያ

በግሉም ሆነ ለታክስ ከባለቤቱ በማይለይ ኤልኤልሲ ለሠራ ሰው እስከ ጃንዋሪ 31 ድረስ 1099-ኤንኢሲ (ለኮንትራክተር የተከፈለው የሚገለጽበት ቅጽ) ለእሱም ለአይአርኤስም ይላካል። እስከ 2025 መጨረሻ ለተከፈለ ገንዘብ መነሻው 600 ዶላር ነበር፤ ከ2026 ጀምሮ ለሚከፈለው 2,000 ሆኗል። የባለሙያው ድርጅት እንደ ኤስ ወይም ሲ ኮርፖሬሽን ታክስ የሚከፍል ከሆነ በአብዛኛው አያስፈልግም፤ ደብልዩ-9ው ላይ ምልክት ያደረገበትን ሳጥን እዩ። ደብልዩ-2ም ቀኑ ያው ጃንዋሪ 31 ነው።

የእናንተም ትርፍ ስለጨመረ የየሩብ ዓመቱ ግምታዊ ታክስ ያድጋል። ቀኖቹ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና ጃንዋሪ 15 ናቸው።

ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ የካውንቲውን ወይም የከተማውን የንግድ ፈቃድ ታክስ አስታውሱ፤ በብዙ ቦታ ማርች 1 ነው። ይህ ታክስ የሚሰላው በትርፍ ላይ ሳይሆን በጠቅላላ በገባው ገንዘብ ላይ ነው። ጋሼ ሙሉ ዓመት በሠራበት ጊዜ ከእሱ ሥራ ለእኔ የቀረኝ 19,200 ዶላር ነበር፤ ካውንቲው የቆጠረብኝ ግን 144,000 ነው።